የክር አራዊት

ኪሮሽ የሚባለው፣ ጫፉ የታጠፈ ትንሽ መርፌ ወደ ሀገራችን ከገባ ወዲህ፣ በሞጣም ሆነ በብቸና፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የቤት ዕቃ ራቁቱን ቆሞ እንዳያድር የተማማሉ የሚመስሉ እናቶችና እኅቶች ዳንቴል ሳያለብሱ የተዉት ነገር ቢኖር ምድጃውና ድመቲቱ ብቻ እንደ ነበሩ ዕድሜው የፈቀደለት ሁሉ ያስታውሳል። ሬዲዮኑ ዳንቴል ነበረው፤ ቴሌቪዥኑም በመጣ ጊዜ፣ ባለማዕርግ ነውና፣ ከሬዲዮኑ የሚሰፋና ዘርፉ እስከ መስተዋቱ አጋማሽ የሚወርድ ዳንቴል ተሠራለት፤ ሶፋው ክንዱም መደገፊያውም ለበሰ፤ የውኃው ጆግ ዝንብ እንዳይገባበት በዙሪያው ዶቃ የተንጠለጠለበት ክዳን ተበጀለት። እንግዳም ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆና ተሰናብቶ ሲወጣ፣ ከካፖርቱ ጀርባ የተጣበቀውን ዳንቴል ሳያውቅ ተሸክሞ ገበያ እስኪደርስ፣ የቤቱም ልጅ ከኋላ ከኋላው «ጋሼ፣ ዳንቴላችንን!» እያለ የሚሮጥበት ጊዜ ነበር።

ያ ነጭ መንግሥት ያልፋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ነገር ግን አብዮት ያልሻረውን፣ የክር መወደድም ያልሻረውን፣ ጀርባ የሌለው ቀጭኑ ቴሌቪዥን ሻረው፤ ከግድግዳ ተለጥፎ የሚውል ዕቃ ዳንቴል የሚያነጥፉበት ትከሻ ስለሌለው፣ የዳንቴል ዘመነ መንግሥት ያለ አንዳች ጥይት ተፈጸመ፤ ኪሮሹም ሥራ ፈትቶ በመሳቢያ ውስጥ ጥርሱ ከረገፈ ማበጠሪያና ከቆመ የእጅ ሰዓት ጋር ተኛ። ከዚያ እንቅልፉ የቀሰቀሰው ከጃፓን የተነሣ፣ አሚጉሩሚ የሚሉት ጥበብ ነው። ይኸውም በኪሮሽ ተሠርቶ ሆዱ የሚሞላ፣ ራሱ የገዘፈ፣ እግሩ ያነሰ፣ ድብም ጥንቸልም ዝሆንም ሊሆን የሚችል ትንሽ አሻንጉሊት ሲሆን፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በስልክ መስኮት በኩል አልፎ፣ እነሆ እስከ እኛ እስከ ሞጣ ሁለት እጁ እነሴዎች ድረስ ደርሷል።

በሰፈራችን፣ ከሒሳብ መምህርነት በጡረታ የተገለሉ፣ ቍጥርን ከሰው አብልጠው የሚያምኑ አንድ ጎረቤት አሉ። የልጅ ልጃቸው ክረምቱን ልታሳልፍ ከባሕር ዳር መጥታ፣ በስልኳ እያየች አንዲት ጥንቸል ጀምራ፣ ሁለተኛ ጆሮዋን ሳታበቅልላት ትምህርት ቤት በመከፈቱ፣ ባለ አንድ ጆሮ ጥንቸል ከነክሯና ከነኪሮሿ በመምህሩ ቤት ቀረች። መምህሩም በመጀመሪያ አቧራ እንዳይነካት በጋዜጣ ሸፈኗት፤ ቀጥለው፣ የጎደለ ነገር አይቶ የማይታገሥ አእምሮ ስላላቸው፣ ጋዜጣውን ገልጠው ቋጠሮዋን አንድ ባንድ ቆጠሩ፤ በመጨረሻም «በሕይወቴ ያልተፈታ ጥያቄ ከሰሌዳ ላይ አሳድሬ አላውቅም» ብለው ኪሮሹን አነሡ።

ወሬው በማግሥቱ ጠላ ቤት ደረሰ፤ «መምህር ፈታይ ሆኑ» ተባለ። እኔ እንደማስበው ግን የተናገረው ሰው ነገሩን ሳይመረምር ነው የፈረደው። በሀገራችን ሥርዓት ክር በባልና በሚስት መካከል እንደ ርስት የተከፈለ ነው፤ ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት የምትፈትል ሴት ስትሆን፣ ያንኑ ክር ተቀብሎ ከጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያ የሚወረውር ወንድ ነው፤ በገበያው ዳር በየበረንዳው ሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ የሴቱን ቀሚስ የሚሰፋውም ጺሙ ደረቱን የሞላ ጎልማሳ ነው። ታዲያ ኪሮሽ ከዚህ ድልድል በኋላ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ በመሆኑ፣ የትኛው ወገን እንደሚደርሰው የወሰነ ሽማግሌ የለም። በእጅ የሚሠራውን ሰው ማናናቅ የቆየ ደዌያችን መሆኑን ዳግማዊ ምኒልክ ስላወቁት፣ ሸማኔውንም ቀጥቃጩንም ጸሐፊውንም በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ ግን፣ እንደሚታየው፣ ከጠላ ቤቱ በር አልገባም።

ደግሞም ይህ መርፌ የሥራ ፈት መጫወቻ ብቻ አልነበረም። በአየርላንድ ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. የድንች በሽታ ማሳውን አጥፍቶ ሕዝቡ በረኃብ ባለቀበት ዘመን፣ መነኮሳይያትና ወይዛዝርት ለድሆች ኪሮሽ እያስተማሩ፣ ድሆቹም የሠሩት ዳንቴል በባለጸጎች አንገትና እጅጌ ላይ እየዋለ፣ ብዙ ቤት በዚሁ ጫፉ በታጠፈ መርፌ ተርፏል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያም በእርጅናቸው ዘመን፣ አክሊላቸውን ሳያወልቁ እንበል፣ በደቡብ አፍሪካ ለዘመቱ ወታደሮቻቸው የአንገት ልብስ በገዛ እጃቸው በኪሮሽ ሠርተዋል። ንግሥት ያልናቁትን መምህር ቢይዘው ምን ይደንቃል?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ሥራው መጀመሪያው ከባድ፣ መካከሉ ቀላል፣ መጨረሻው አሳሳቢ ነውና። የአሻንጉሊት ፍጥረት የሚጀምረው ከቀለበት ነው። ክሩ በጣት ላይ ይጠመጠምና ኪሮሹ በዚያ ቀለበት ውስጥ እየገባ 6 ቋጠሮ ይሠራል፤ ቀጥሎ የክሩ ጭራ ሲሳብ ቀለበቱ ተኮማትሮ ቀዳዳው ይጠፋል። ይህን ለመናገር ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አላስፈለገም፤ ለማድረግ ግን ክሩ ከጣት ይሾልካል፣ ኪሮሹ ክሩን ሰንጥቆ በመካከሉ ያልፋል፣ ቀለበቱም ሊጠብቅ ሲገባው ተፈትቶ የቀረ ክር ብቻ ይሆናል፤ ጀማሪውም የሚሠራው ኃጢአት በሐልዮና በነቢብ መሆኑ ቀርቶ በገቢር ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይፈተናል። ይህ ለማይሆንለት ሰው ሁለት ሰንሰለት ሠርቶ በመጀመሪያዪቱ ሰንሰለት ዓይን ውስጥ 6ቱን መቋጠር የሚፈቀድ ሲሆን፣ ከመካከሉ ትንሽ ቀዳዳ ቢቀር አውሬው እምብርት አለው ብሎ ማለፍ ነው።

6ቱ ከተገኙ በኋላ ያለው ሥርዓት ለፊደል ቈጣሪ ሁሉ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ዙር 6 ቋጠሮ ግዕዝ ነው ቢባል፣ በሁለተኛው ዙር በያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ ሁለት ሁለት ሲሠራበት 12 ይሆንና ካዕብ ይባላል፤ በሦስተኛው ዙር አንዱን ነጠላ አንዱን ድርብ እያደረጉ 18፣ ሣልስ፤ ከዚያም በየዙሩ 6 እየጨመረ ራብዕ 24፣ ኃምስ 30፣ ሳድስ 36፣ ሳብዕ 42 ይሆናል። እዚህ ላይ ራሱ በቂ ስፋት ካገኘ መጨመር ይቆምና፣ ቍጥሩ ሳይለወጥ ጥቂት ዙር ይዘለቃል፤ ቀጥሎም ሁለት ሁለቱን ቋጠሮ አንድ እያደረጉ ከሳብዕ ወደ ሳድስ፣ ከሳድስ ወደ ኃምስ እየተባለ እስከ ግዕዝ ሲወረድ ኳስ ይሆናል። መምህሩ ይህን ባገኙ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት የስድስት ርቢ በመጨረሻ ጆሮና አፍንጫ ሊያወጣ መሆኑን አውቀዋልና።

ይሁን እንጂ ዙሩ በር የሌለው ዙር ነው። ሹራብ ሠሪዋ ረድፏን ጨርሳ ትዞራለች፤ አሻንጉሊት ሠሪው ግን ረድፉን ሳይዘጋ፣ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሳያውቀው እየወጣ በመጠምዘዝ ስለሚሄድ፣ ዙሩ የት እንደ ጀመረ የሚነግረው ምልክት ከሌለ በሦስተኛው ማለዳ ከአራተኛው ዙር ይሁን ከስድስተኛው አያውቅም። ስለዚህ በየዙሩ መጀመሪያ ቋጠሮ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ክር ማጋደም ግድ ነው፤ የመርፌ ቍልፍም ይሆናል። መምህሩ ቀይ ክር መረጡ፤ በብራና መጽሐፍ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም መጻፉ አንባቢውን ከምን ስሕተት እንደሚያድነው ያን ቀን ገባኝ አሉ።

እንግዲህ በዚሁ ሁሉ መካከል፣ በደጃቸው ጥላ ሥር ስንደዶና አክርማዋን ዘርግታ፣ ወስፌዋን ይዛ ሰፌድ የምትሰፋ አንዲት አሮጊት መነኵሲት ነበረች፤ ከመምህሩ ጋር የምትጋራው ጥላውን ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም ነው። መምህሩ «ነጠላ፣ ድርብ፤ ነጠላ፣ ድርብ» እያሉ ሲቆጥሩ ብዙ ከሰማች በኋላ፣ ወስፌዋን ከሰፌዱ ላይ ሰክታ፣

«መምህር፣ ቢቆጡኝም ልናገር፤ ይህ የርስዎ ነገርኮ ስፌት ነው» አለቻቸው።

«እማሆይ፣ ይህ የጃፓን ጥበብ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ» አሏት።

«ከየትም ይምጣ። ከመካከል ይጀምራል፣ እየዞረ ይወጣል፣ ሲሰፋ ይጨመርበታል፣ ሲጠብ ይቀነስለታል። ክዳን የምሰፋው እንዲሁ አይደለም? የኔ ስንደዶ ነው፣ የርስዎ ክር።»

መምህሩ ዝም አሉ። ወደ ሰፌዱ ተጠግተው ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ጣታቸውን እየመሩ ዞሩበት፤ እውነትም ከመካከል ተነሥቶ ሳይቋረጥ እየተጠመዘዘ የሚወጣ አንድ መንገድ ብቻ ነበረ። ሞሰቡም፣ ሙዳዩም፣ አገልግሉም፣ በሀገራችን ቤት ሁሉ የተሰቀለው የአለላ ሥራ በሙሉ በዚሁ ሥርዓት የተሠራ መሆኑን ከዚያ በፊት የተመለከተው ማን ነው? እኔም ከዚያ ወዲያ ጀማሪ የሚለውን ቃል በሞጣ ሴቶች ላይ ስሰማ ያስቀኛል። እጇ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ሰፌድ ሲያጠብና ሲያሰፋ የኖረ ሴት፣ እናቷ የሞሰብ ክዳን በዓይን ለክታ ጫፉን እንደ ልብ የምታሾል ሴት፣ ኪሮሽ ስትይዝ አዲስ የሚሆንባት መሣሪያው እንጂ ሒሳቡ አይደለም። የስልኩ አስተማሪ በቋንቋዋ ባይናገር፣ ኔትወርኩም ተቋርጦ ሥዕሉ በመካከል ቢቆም፣ የቀረውን ጣቷ ያውቀዋል።

እማሆይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቍጥር ሳታውቅ መምህሩን ማረም ጀመረች። የሠሩት ክብ ከጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ጣባ ሲሆን፣ «ነፍገውታል፣ ይጨምሩለት» ትላለች፤ ጠርዙ ሲንዘፈዘፍና እንደ ጎመን ቅጠል ሲጨማደድ፣ «አብዝተውበታል፣ ጠግቧል» ትላለች። መምህሩ ቋጠሮውን ቆጥረው በ18 ፈንታ 21 ያገኛሉ፤ በስንተኛው ዙር ትርፍ እንደ ገባ ፈልገው ይፈታሉ። ይህን መንዘፍዘፍ የናቀ ሰው ቢኖር ግን እንዲህ ይስማ፦ በ1997 እ.ኤ.አ. ዳይና ታይሚና የተባሉ፣ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ፣ የጂኦሜትሪ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት የነበረውን፣ ከመጠን በላይ እየሰፋ የሚታጠፍ ገጽ በእጅ የሚዳሰስ ያደረጉት ኪሮሽ ይዘው በየዙሩ ቋጠሮ በማብዛት ነው። ይህ በተነገራቸው ጊዜ መምህሩ የተጨማደደውን ሥራቸውን መፍታት ትተው በመጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ አኖሩት፤ ለሚጠይቃቸውም ጂኦሜትሪ ነው ይላሉ።

ስለ ክርና ስለ መርፌ ብዙ አልናገርም። የእናቶቻችን ፈትል ለኩታና ለነጠላ የተፈጠረ ቀጭን ስለሆነ፣ አራት አምስት አድርገው ካላከረሩት አውሬ አይወጣውም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ሱቅ የሚገኘውን ወፍራም የፋብሪካ ክር ይገዛል። ለጀማሪ ጥቁር ክር አይመከርም፤ ቋጠሮው በውስጡ ስለማይታይ፣ በጥቁር ክር መሥራት በጨለማ ዳዊት መድገም ነው፤ በቃል ለሚያውቀው ብቻ ይሆናል። መርፌው ግን በክሩ ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው ልክ አነስ ያለ መሆን ይገባዋል፤ ቋጠሮው ካልጠበቀ ሆዱ ውስጥ የገባው ሁሉ በየቀዳዳው አሾልቆ ያያል። እዚህም ላይ ጀማሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የተናደደበትን ሰው የሚያንቅ ይመስል አጥብቆ ይይዝና መርፌው አልገባ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ክሩ ያመዋል ብሎ የሚሳሳ ይመስላል።

ክርን ያለ ምክንያት የሚፈራ ግን የዚህ ሀገር ሰው ባይሆን ይሻላል። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን ጎጃምንና በጌምድርን እንዲያገናኝ ተሠርቶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ በመሰበሩ፣ ሰዉ ለብዙ ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በወንዶች ክንድ እየተሳበ፣ ከበታቹ ዓባይ እያገሣ ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ተቋራጭ ይህን በ2001 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ላይ በፎቶግራፍ አይቶ ደንግጦ፣ ለገጠር ሰዎች ድልድይ የሚሠራ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሰ። እኛ ግን አልደነገጥንም፤ ገበያ ነበርና የምንሄደው። በገመድ ተሳስሮ ዓባይን የተሻገረ ዘር አንድ ጥቅል ክር ተተበተበብኝ ብሎ ቢያለቅስ አያምርበትም።

ሆድ ስለ መሙላትም ክርክር አለ። አንዳንዱ የአሮጌ ልብስ ቍርጥራጭ ይጎሰጉሳል፤ ያን ጊዜ አሻንጉሊቱ የደረቀ እንጀራ የዋጠ ይመስል ጎንና ጎኑ ይጓጉላል። በባዘቶ የተሞላው በመጀመሪያ ለስላሳና ደልዳላ ነው፤ ታጥቦ ሲደርቅ ግን ጥጡ ተሰብስቦ በአንድ እግሩ ይወርድና ራሱ ባዶ ይቀራል። ከአሮጌ ትራስ ወይም ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚወጣው፣ ውኃ የማይዘው የፋብሪካ ጥጥ ይሻላል ይባላል፤ እርሱም ቢሆን ቀዳዳው ሳይጠብ በፊት በጥቂት በጥቂቱ መግባት አለበት እንጂ፣ የግዕዙ ዙር ላይ ከተደረሰ በኋላ በእርሳስ ጫፍ ቢገፉት አይገባም። ሌላው ችግር ሥራው እየሄደ ሲታጠፍ ውስጡ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው፤ ጀማሪ ይህን አይቶ አያውቀውምና ወርቁን ውስጥ ሰሙን ውጭ አድርጎ ይዘጋዋል።

መምህሩ ከጥንቸሏ ሌላ ራሳቸው ከቀለበት የጀመሩት የመጀመሪያ ሥራ ተፈጽሞ በመደብ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ የሆኑት መሪጌታ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። መሪጌታ ፍጥረቱን በመቋሚያቸው ጫፍ ዘወር አድርገው ካዩት በኋላ ጉባኤ የዘረጉ ያህል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«አንድም ድብ ነው» አሉ፤ «ጆሮው ክብ ነውና። አንድም በግ ነው፤ አንገት የለውምና። አንድም ድንች ነው፤ እግር የበቀለበት። ባለቤቱ የትኛውን ይደግፋሉ?»

«ጦጣ ነው» አሉ መምህሩ።

«እንግዲያውስ አንድም ጦጣ ነው» አሉ መሪጌታ፤ «ይህ ግን በቅብብል የመጣ ነው እንጂ ከንባቡ አይወጣም።»

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ግን የቀልድ አልነበረም። መሪጌታ ከዐሠርቱ ቃላት ጠቅሰው፣ የተቀረጸ ምስል መሥራት ከጣዖት ጋር የሚያደርሰው መንገድ እንዳይኖር ሲመረምሩ፣ እማሆይ ከጥላው ሥር ሆና «መሪጌታ፣ ይህን አይቶ የሚሰግድለት ካለ ያ ሰው አስቀድሞ ታሟል» ስላለች ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ዓይኑን በሚመለከት ግን መሪጌታ የማያሻማ ሥርዓት ሰጡ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሁሉ ፊቱን ገልጦ በሁለት ዓይኑ ሲያይ፣ ሰይጣንና ወገኖቹ ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ ለገራም እንስሳ ሁለት ዓይን፣ ትልልቅ፣ በፊቱ ላይ ትይዩ ሆነው ይደረጉለት አሉ። በአጋጣሚ የጃፓኖቹም ሥርዓት ይኸው ነው። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለ ኦስትሪያዊ የእንስሳት ጠባይ ሊቅ በ1943 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፣ ትልቅ ራስ፣ ሰፊ ግንባር፣ ትልልቅ ዓይንና ድቡልቡል ጉንጭ የሕፃን መልክ በመሆናቸው፣ በማንኛውም ፍጥረት ላይ ቢታዩ የሰው ልብ ይራራል። ይህ ለጀማሪ ታላቅ መጽናኛ ነው፤ ራሱ ከሰውነቱ ሲበልጥበት ልክ አጣሁ ብሎ የሚያፍርበት ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፤ አሻንጉሊቱ ለሕፃን የሚሰጥ ከሆነ ዓይኑ በቍልፍ ፈንታ በጥቁር ክር ይጠለፍ፤ ሕፃን በመጀመሪያ የሚቀምሰው ዓይኑን ነው።

ለሕፃን የሚሰጥ ከሆነ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ዘንድ ልጅ መጫወቻውን ራሱ ነበር የሚሠራው፤ ወንዱ ከጭቃ በሬና ላም ጠፍጥፎ በፀሐይ ያደርቃል፣ ሴቷ የበቆሎ እሸት ጠጉሩን ጎንጉና ልጅ ታደርገዋለች፣ ኳሱም ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ይጠቀለላል፤ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ ለልጅ መጫወቻ መሥራቱ ግን የተለመደ አይደለም። የእማሆይ ሰፌድ እህል ያበጥራል፣ ሞሰቡ እንጀራ ያቀርባል፣ አገልግሉ ስንቅ ይሸከማል፤ ከዚህች ሀገር ሴት እጅ ወጥቶ ለሆድ ወይም ለእንግዳ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሳይጠቅም የቀረ ስፌት አይገኝም። አሻንጉሊቱ በዚህ ሁሉ መካከል ምንም የማይሠራ የመጀመሪያው ስፌት ነው፤ ተቀምጦ ከማየት በቀር አንዳች አገልግሎት የለውም። ከእጅ ይልቅ የሚቸግረው ይህን መቀበል ነው፤ ስለዚህም የሠራችው ሴት ልፋቷን ስታስበው ልቧ አይችልም፤ «ልጅ ያቆሽሸዋል» ትልና ከቡፌው መስተዋት በስተኋላ፣ ከሠርግ ብርጭቆው አጠገብ ታኖረዋለች። ያለ ጥፋቱ ቡፌ ውስጥ የሚታሰር ድብ በዚህ መንገድ ይፈጠራል። ልጁ በመስተዋቱ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ ያየዋል፤ ድቡም በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ልጁን ያየዋል።

ሊሸጥ የወሰነም አይድንም። ገዥ መጥቶ ዋጋ ሲነገረው «ይህችን ለምታህል? በመርካቶ ከፕላስቲክ የተሠራው በሩቡ ይገኝ የለም?» ይላል። ሹራብ በመኪና ይሠራል፣ ጨርቅም በመኪና ይሸመናል፤ የኪሮሽ ቋጠሮ ግን እስከ ዛሬ የሚቋጠረው በእጅ ነው፤ ከሩቅ ሀገር በርካሽ የመጣ የኪሮሽ አሻንጉሊት እንኳ የአንድ የማናውቀው ሰው ጣትና ሌሊት አለበት። ይህን ለገዥ ያስረዳ ሰው ካለ እርሱ ከሠሪው ይልቅ ትዕግሥተኛ ነው። መምህሩ አልሞከሩትም፤ ሒሳባቸው ቋጠሮውን በሳንቲም አባዝቶ የደረሰበትን ገንዘብ አይተው፣ መሸጥ ስድብ ነው ብለው ተዉት።

ባለፈው ሰሞን ግን የሰፈር ልጆች ተሰብስበው፣ የከተማችን ታቦት ጊዮርጊስ ነውና፣ ፈረሱንና ዘንዶውን ይሥሩልን ብለው መጡባቸው። መምህሩ ነገሩን በሥርዓት ከመዘኑ በኋላ ከዘንዶው ጀመሩ፤ ይህም ብልኀት ነው። ዘንዶ ለጀማሪ የተፈጠረ አውሬ ነው፤ እግር የለውም፣ አንገት የለውም፣ ከካዕብ ተነሥቶ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ክሩ እስኪያልቅ ይረዝማል፤ አንድ ቋጠሮ ቢዘለል ጠመዝማዛነቱን ያሳምርለታል፤ ቢጓጉል የዋጠው ነገር አለ ይባላል። በመሪጌታ ሥርዓት መሠረት አንድ ዓይን ብቻ ስለሚገባው ከድካሙ ግማሹ ቀነሰ። ሲያልቅም ከመምህሩ መደብ እስከ እማሆይ ሰፌድ የሚደርስ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ቀይ ምላስ ዘንዶ ሆነ፤ በመጀመሪያ ዓይን ማንነቱ የታወቀ የመምህሩ ሥራ እርሱ ብቻ ነው። መሪጌታ አይተው «ይህስ አንድም የለውም» አሉ። ነገር ግን ያለ ሰማዕቱ ዘንዶውን ብቻውን ቡፌ ላይ ማንገሥ አይገባም፣ ፈረሱና ፈረሰኛው ተፈጽመው አንድ ላይ ይቀመጡ ብለው አዘዙ።

ፈረሱ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። አራት እግር አንድ ልክ አድርጎ መሥራት ከርቢ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል፤ ሦስቱ ከተስማሙ አራተኛው በሁለት ዙር ይረዝማል፣ እርሱን ሲያሳጥሩት ፈረሱ ወደ ኋላው ይንበረከካል፤ እማሆይም «ፈረስ ሰፍቼ አላውቅም፣ በዚህስ አልገባም» ብላለች። ትናንት መሪጌታ ሲያልፉ፣

«መምህር፣ ጊዮርጊስ ደረሰ?» ብለው ጠየቁ።

«በሦስት እግሩ እየመጣ ነው» አሉ መምህሩ።

«ዘንዶውስ? ቡፌ ላይ አላየሁትም።»

መምህሩ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ «ልጆቹ ጭራውን ይዘው ኳስ ሜዳ ወስደውታል፤ የግብ መሥመር አድርገውታል አሉኝ» ብለው መለሱ።